ለየት ያለ የቡና ችግኝ ሲገጥምዎ፦ ሚውቴሽን (በዘር ላይ የደረሰ ለውጥ) መሆኑን እንዴት ያረጋግጣሉ?

ጅማ ዙሪያ፣ ማናም ሆነ ጎማ ወረዳ፣ ችግኝ መደብ ላይ አልፎ አልፎ ከእኩዮቹ የተለየ ቡና ይወጣል፤ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነ ወይም አንጓው ተቀራርቦ ድንክ የቀረ። ብዙ ሰው አይረባም ብሎ ይነቅለዋል። አይንቀሉት። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብለውም አይቸኩሉ።

ክር ይሰሩበትና ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ የዘር ያልሆነውን ምክንያት አንድ በአንድ ያውጡ። ብዙ ችግኞች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ከተለወጡ ጉዳዩ የአፈር ወይም የመድኃኒት ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሶታል፤ ቢጫነቱ ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ቅጠሉ ጠቦ ከተጠማዘዘ አጠገቡ ፀረ አረም ተረጭቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ሲተከል ዋና ሥሩ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ችግኝም ይቀጭጫል። ስለዚህ 3 እጅ የጫካ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ወደተሞላ ፕላስቲክ ያዛውሩትና 3 ጥንድ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይጠብቁ። አዲሱም እንደ ቀድሞው ከሆነ ልፋት ይገባዋል። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ችግኝ ግን ክሎሮፊል (ምግቡን የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለም) ስለሌለው ከዘሩ የያዘው ስንቅ ሲያልቅ ይሞታል።

ማረጋገጫው ልጆቹ ናቸው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሆኖም ንብ የጎረቤት ዛፍ ብናኝ ታመጣበታለች። ከ2 እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ሲያብብ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ እምቡጡ ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ሲቆምና ገና ሳይፈነዳ፣ ቅርንጫፉን በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኑ። ከሳምንት በኋላ ያውልቁና ምልክት ያድርጉበት። ፍሬው በደንብ ሲቀላ ለቅመው በእጅ ይፈልፍሉ፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ይጣሉ፤ የቀረውን በጥላ ያድርቁ። የቡና ዘር ሲቆይ ብቅለቱን ያጣልና ሳያዘገዩ 60 ዘር፣ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደታች አድርገው፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ። ከጤነኛ ዛፍም 60 ጎን ለጎን ይዝሩ።

ሁሉም እናታቸውን ከመሰሉ ባሕርይው የጸና ነው። ከ60ው 45 ገደማ (ከ38 እስከ 52) ከመሰሉ፣ ባሕርይውን ከሚወስነው ጥንድ ጂን (የዘር ቅንጣት) አንዱ ብቻ ተለውጦ ሌላውን ገዝቷል ማለት ነው። 8 ዘር ብቻ ከዘሩ፣ ባሕርይው ሳይጸና ስምንቱም እናታቸውን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይህ ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። አንድም ካልመሰለ ለውጡ ወደ ዘር አልገባም። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የታየ ለውጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የተለወጠው የውጪኛው የሕዋስ ንብርብር ከሆነ ዘር የሚገኘው ከውስጠኛው ነውና። ያን ጊዜ በቁርጥራጭ ያራቡ፤ የሚቆርጡት ግን ቀጥ ብሎ ከሚያድግ ቡቃያ ይሁን። የጎን ቅርንጫፍ ከተከሉ ወደ ጎን ይንፏቀቃል እንጂ ዛፍ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ለምን? የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በሽታው ራሱ ቡናውን አልለወጠውም። በየጫካውና በየማሳው ቀድሞም ልዩ ልዩ ዛፎች ነበሩና ከታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙት ተመረጡ። 74110ና 74112 በተባሉት የቡና ዝርያዎች ስም ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974 ያመለክታል።

የእርስዎንም ልጆች 2 በ2 ሜትር አራርቀው ከዋንዛ ወይም ከሰሳ ጥላ ሥር ይትከሉ። ማፍራት ሲጀምሩ፣ በክረምት አረንጓዴው ፍሬ በሚወፍርበት ወቅት በየሳምንቱ ይፈትሹ፤ የዚሁ በሽታ ምልክት የሆነውን ጠቆር ብሎ ሰርጎድ ያለ ነጥብ ካዩ ዛፉን ይመዝግቡና ዘር አይውሰዱበት።