የኪስ የፀሐይ ሰዓት ባለቤቶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ከአንኮበር ሣጥንም ይውጣ ከደብረ ብርሃን ዕቃ ሻጭ ይገዛ፣ አንድ ጥንታዊ የኪስ የፀሐይ ሰዓት እጃችን ሲገባ የምንቸኩለው «ተበላሽቷል» ለማለት ነው። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል በተርፊልድ የታወቀበትን ዓይነት እንይ። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ማዕዘን ያላት የናስ ወይም የብር ገበታ ናት፤ ትንሽ ኮምፓስና ጥላ የምትጥል ተጣፊ ክንፍ አላት። ከክንፏ ጎን የተቀረጸች ወፍ በመንቁሯ ዲግሪ ትጠቁማለች፤ ባለቤቱ መንቁሯን በከተማው ኬክሮስ ላይ እያሳረፈ ክንፏን ያነሣል ወይም ያስተኛል። ታዲያ የዲግሪው መስመር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ብቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 9 ዲግሪ ተኩል አልፋ ነው ያለችው። ጥፋቱ የአንጥረኛው አይደለም። ክንፏን በጉጠት መጠምዘዝ ዕቃውን መግደል ነው። ይልቅ መንቁሯን የፓሪስ ኬክሮስ በሆነው 49 ላይ ያሳርፉ፣ የገበታዋን ደቡባዊ ጠርዝ በሽብልቅ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉ፣ ለ49 የተቀረጹትን የሰዓት መስመሮች ያንብቡ።

ሽብልቁ የሚሰለቸው ሰው እርስ በርስ የሚተጣጠፉ ቀለበቶች ያሉትን ዓይነት ይፈልግ። ለየትኛውም ኬክሮስ ይስተካከላል፣ ኮምፓስም አይሻም፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ብቻ ይቸገራል።

ሁለተኛው፣ በሎሚና በአመድ መፈተግ። ለማንቆርቆሪያ ደግ ነው። እዚህ ግን መስመሮቹ በእጅ የተቀረጹ፣ ከፀጉር የማይወፍሩ ናቸው፤ አሲዱና አመዱ ጠርዛቸውን ይበላሉ፣ የብር ቅቡንም ይገፍፋሉ። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዝሆን ጥርስ የተሠሩት የጀርመኗ ከተማ የኑረምበርግ ሰዓቶች ውኃ ጨርሶ አይንካቸው፤ ይጣመማሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ከእጅ ሰዓት ጋር እያስተያዩ መናደድም የተለመደ ነው። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚያ በስተ ምዕራብ ስለሆነች የፀሐይ ሰዓቷ በአማካይ 22 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱም ከወር ወር ይለዋወጣል፤ በጥቅምት መጨረሻ 6 ደቂቃ ያህል፣ በየካቲት መጀመሪያ 36 ደቂቃ ገደማ። ገበታው ላይ 12 የተጻፈበት የእኛ ስድስት ሰዓት መሆኑን ማንም አይስተውም፤ የሚገርመው አንዳንዶቹ የኑረምበርግ ሰዓቶች ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጥር ሌላ ገበታም አላቸው፣ ልክ እንደ እኛ።

በኮምፓሱ ውስጥ ከሰሜን ትንሽ ዘንበል ብሎ የተሰመረውን መስመር እንደ ጭረት ቆጥሮ ማጥፋትም አለ። መርፌው በሠሪው ከተማና ዘመን ከእውነተኛው ሰሜን ምን ያህል ይርቅ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው። ለንደን ላይ በ1580 ወደ ምሥራቅ 11 ዲግሪ ያህል ያጋድል ነበር፤ በ1810ዎቹ ወደ ምዕራብ 24 ደርሷል። ስለዚህ መስመሩ ዕድሜን ለመገመት ይረዳል፤ ያጠፋው ሰው የዕቃውን የልደት ወረቀት ቀዷል።

በመጨረሻ፣ የተቀረጸ ስምንና የሻጭን ታሪክ አምኖ ዋጋ መክፈል። የበተርፊልድን ዓይነት ሌሎች የፓሪስ አንጥረኞችም ሠርተዋል፤ ስሙን የያዙ ቅጂዎችም አሉ። «በ1841 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ስጦታ የተረፈ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ መልእክተኛው አንኮበር መምጣቱ እውነት ነው፤ ሰዓቱ አብሮት ስለመምጣቱ ግን ወረቀት ይጠይቁ።