ጭስ ካስቸገራችሁ፣ አቤቱታው ላይ ስለ ቀረጥም ጻፉ

ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሥር ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ዛሬ የማወራው ስለ አቤቱታ አጻጻፍ ነው።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ «ጭሱ ፈጀን፣ መፍትሔ ይሰጠን» ብዬ አስገባሁ። ባለሙያ ተላከ። የመጣው ግን በቀትር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት። «እትዬ፣ ምንም አይታይም እኮ» ብሎኝ ተመለሰ። አንጀቴ አረረ። እኛ ሰፈር ጭሱ የሚብሰው ሌሊት ነው። ብርዱ ሲጠና ወደ ላይ መውጣት ያቅተውና መሬት ለመሬት ይተኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ። እኔ ማታ ማታ የታጠበ የነጠላ ቁራጭ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ጠዋት ጥቁር ነጠብጣብ ለብሶ አገኘዋለሁ። በጣት ሲነኩት እንደ ከሰል ይቀባል። በወረቀት ጠቅልዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ። አሁን 9 ቁራጭ አለኝ። ፎቶም አንሱ፣ ሰዓቱን አትርሱ።

ቀጥሎ ሕጉን ጥቀሱ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። በዚህ አዋጅ አቤት ለማለት «የግል ጥቅሜ ተነክቷል» ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ማንም ሰው ይችላል። ተቆጣጣሪውም ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ተገቢ ነው ባለው ሰዓት ግቢ መግባት ይችላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ «ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ይታይልን» ብዬ ጻፍኩ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ብዙዎቻችን «ይቀጣልን» ብለን እናቆማለን። የፋብሪካውን ሰው አንድ ቀን በር ላይ አግኝቼ ብጠይቀው «እትዬ፣ ማጣሪያው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ቀረጡን አልችለውም» አለኝ። ያው አዋጅ ለዚህም መልስ አለው። ብክለት ለመቆጣጠር የሚውል አዲስ መሣሪያ ከውጭ ሲገባ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ካረጋገጠ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው። አቤቱታችሁ ላይ ይህን በአንድ አንቀጽ አስገቡ። ባለቤቱ በገንዘብ ማሳበብ ይከብደዋል። እውነት ለመናገር፣ ያ ሰው ክፉ አይመስለኝም፤ አላወቀም።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ማጣሪያ ጥላሸቱን ይይዛል እንጂ አየር ንብረቱን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይዝም። 1 ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ይወጣል፣ ማጣሪያ ኖረም አልኖረም። እሱ የሚቀንሰው የሚነደው ነዳጅ ሲቀንስ ነው። ስለዚህ «ማጣሪያ ይግጠም» ብቻ አትበሉ፤ «ጭሱን የሚያወጣው የፋብሪካው ማሞቂያ (ቦይለር) ነዳጅ ወደሚቆጥብ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥ» ብላችሁ ጨምሩ። መኪና ላይ መንግሥት በታክስ ሞክሮታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን አከበደ። በ2014 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። ለፋብሪካ ማሞቂያም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ!

ማመልከቻውን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፌዴራሉ ባለሥልጣን አድርጉት፤ አዋጁ የሚጠራው እነሱን ነው። ለቀበሌና ለከተማው ግልባጭ ይበቃል። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና የእናንተ ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ይረፍበት። «ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁ እዚያው ቁጭ በሉ። ቀኑ ወሳኝ ነውና። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚያ ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጀምሮ ይቆጠራል።

የእኔ 30ኛ ቀን የፊታችን ሐሙስ ነው። ማህተም ያለበትን ቅጂ በፕላስቲክ አድርጌ ከመታወቂያዬ ጋር አስቀምጬዋለሁ።