ከሩት ስር ማይነስ ሲመጣ፦ የአክስለሬሽን ጥያቄ የት ላይ ይበላሻል?

አክስለሬሽን ማለት ቬሎሲቲ (አቅጣጫ ያለው ፍጥነት) በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው። አክስለሬሽኑ ቋሚ ሲሆን የምንጠቀምባቸውን ፎርሙላዎች ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ኪሎ ሜትር በሰዓትን ለ3.6 አካፍላችሁ ወደ ሜትር በሰከንድ መቀየር ካቃታችሁ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሰጣችሁ 72ን እንዳለ ፎርሙላ ውስጥ ከትታችሁ «መልሱ ምርጫው ውስጥ የለም» አትበሉኝ።

አሁን ሁልጊዜ ወደሚገጥመኝ ልግባ። ኳስ ከ25 ሜትር ፎቅ ጫፍ በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወረወራለች። ጂን (የመሬት ስበት የሚሰጠውን አክስለሬሽን) 10 ያዙ። መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል?

የሚታየው ችግር፦ ተማሪው ሰርቶ ሰርቶ ከስኩዌር ሩት ስር −4 ያገኛል፤ ካልኩሌተሩም ኤረር ይላል። ካልሆነ ደግሞ 1 ሰከንድ አግኝቶ ሳጥን ያሰምርበታል። ይሄኛው ይብሳል፤ ካልኩሌተሩ ኤረር አይልማ። ኳሷ ለመውጣት ብቻ እኮ 2 ሰከንድ ያስፈልጋታል!

ምክንያቱ፦ አቅጣጫ ሳይመርጡ መጀመር። የመጀመሪያው ጂን −10 ብሎ 25ን ፕላስ አደረገ። ሁለተኛው ሁሉንም ፕላስ አደረገ። ከስሩ ያለው የተሳሳተ እምነት ግን አንድ ነው፦ የኳሷ አክስለሬሽን ስትወጣ −10፣ ስትወርድ +10፣ ጫፍ ላይ ዜሮ። ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ቬሎሲቲ ብቻ ነው። አንዱ ተማሪ «ቆማለች እኮ» ብሎ ሲሟገተኝ «ታዲያ ማን አወረዳት?» አልኩት። ዝም አለ። በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ዜሮ ይዞ መጣ።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት «አቋራጭ» ወረቀቶችም ያባብሱታል። ለመውጣት አንድ ፎርሙላ፣ ለመውረድ ሌላ። ጣሏቸው።

መፍትሄው፦ ቀስት ስሉና ወደ ላይ ፕላስ በሉ። መነሻ ቬሎሲቲ +20፣ አክስለሬሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ −10። ኳሷ የምታርፈው ከመነሻዋ በታች ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱ (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ርቀት ከነአቅጣጫው) −25 ነው። ፎርሙላው ዲስፕሌስመንት = መነሻ ቬሎሲቲ × ቲ + ½ × አክስለሬሽን × ቲ² ነው፤ ቲ ሰዓቱ በሰከንድ ነው።

−25 = 20ቲ − 5ቲ²

ለ5 አካፍላችሁ ስታስተካክሉት ቲ² − 4ቲ − 5 = 0 ይሆናል። ቲ 5 ወይም −1 ነው። −1 ከመወርወሯ በፊት ስለሆነ ይቅር። መልሱ 5 ሰከንድ ነው። መሬት ልትነካ ስትል ቬሎሲቲዋ 20 − 50 = −30፤ ማይነሱ ወደ ታች መሆኗን ነው የሚናገረው። ወደ ታች ፕላስ ብትሉም ያው 5 ይመጣል። መሃል ላይ መቀየር ግን ክልክል ነው። ክልክል!

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ማይነስ አክስለሬሽን ሁሉ መዘግየት አይደለም። ኳሷ ስትወርድም −10 ነው፣ ግን እየፈጠነች ነው። የቬሎሲቲና የአክስለሬሽን ምልክት አንድ ከሆነ ይፈጥናል፤ ከተለያየ ይዘገያል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙኝ፦ አደባባይ የሚዞር መኪና ፍጥነቱ ባይለወጥም አክስለሬሽን አለው፤ አቅጣጫው ይለወጣላ። የቬሎሲቲ ግራፍ ቁልቁል ወረደ ማለት መኪናው ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም፤ መስመሩ ከዜሮ በላይ እስካለ ድረስ ወደ ፊት እየሄደ ነው። አክስለሬሽኑ ራሱ ከተለዋወጠ ደግሞ እነዚህ ፎርሙላዎች አይሰሩም፤ ዲስፕሌስመንቱን ለማግኘት ከቬሎሲቲ ግራፉ ስር ያለውን ስፋት አስሉ።