ሚክሎሽ ራድኖቲን ከየት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል?

ስለ ሃንጋሪው ገጣሚና ተርጓሚ ሚክሎሽ ራድኖቲ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚነሣው ከአሟሟቱ ነው። በዚያ በኩል ከገቡ ግን ግጥሞቹን ሁሉ እንደ ኑዛዜ መቁጠር ይቀናዎታልና፣ በትርጉም ሥራው በኩል ቢጀምሩ ይመረጣል።

ከሕይወት ታሪኩ ለመነሻ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በቡዳፔስት ሲወለድ እናቱና መንትያ ወንድሙ ሞቱ፤ በሴገድ ዩኒቨርሲቲ የሃንጋሪንና የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ ቢያጠናም፣ የአይሁድ ተወላጅ ነበርና የመምህርነት ሥራ ስላላገኘ ትርጉም አንዱ መተዳደሪያው ሆነ።

በመጀመሪያ ሮማዊው ቨርጂል የጻፈውን ዘጠነኛውን ኤክሎግ፣ ማለትም የእረኞች ቅኔ፣ ያንብቡ። መሬት በተነጠቀበት ዘመን ሁለት እረኞች እየተጓዙ የተረሱ ዜማዎችን ለማስታወስ ይሞክራሉ። ራድኖቲ ይህን ቅኔ በ1938 ተረጎመ፤ በዚያው ዓመትም የራሱን የመጀመሪያ ኤክሎግ ጻፈ። በእርሱ ቅኔ ውስጥ እረኛና ገጣሚ ስለ ስፔናዊው ገጣሚ ሎርካ መገደል ይነጋገራሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ፣ ተርጓሚው ከጥንቱ ቅኔ የወሰደው ሜዳውንና መንጋውን ሳይሆን ምጣኔውንና የጭውውቱን ሥርዓት መሆኑን ይረዳሉ።

ከዚያ በሐምሌ 1944፣ በሰርቢያ ቦር አካባቢ በነበረው የግዳጅ ሥራ ካምፕ፣ ወደ ጻፈው ሰባተኛው ኤክሎግ ይለፉ። ጠባቂዎቹ ባትሪውንና መጽሐፉን እንደወሰዱበት፣ በጨለማ ስንኝ ከስንኝ ሥር እየዳበሰ፣ በሃንጋሪኛ ፊደላት ላይ የሚደረጉትን ምልክቶች እንኳ ሳያኖር እንደሚጽፍ በግጥሙ ይናገራል፤ የሄክሳሜትሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ምት ያለው የጥንቱ ቅኔ፣ ምጣኔ ግን አልተዛነፈም። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ ምጣኔውን የጠበቀ ትርጉም ይምረጡና ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ወደ ስድ ንባብ የተለወጠው ትርጉም ቃሉን ቢያደርስም ምጣኔውን አያደርስም።

ከካምፑ ጀምሮ በያዘው የማስታወሻ ደብተር የጻፋቸውን የቀሩትን ግጥሞች በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ያንብቡ። መስከረም 15 ቀን 1944 በተጻፈው «የግዳጅ ጉዞ» እያንዳንዱ ስንኝ መሐሉ ላይ በክፍተት ተከፍሏል፤ ሲያነቡ በዚያ ክፍተት ላይ ትንፋሽዎን ይያዙ። ጥቅምት 31 ቀን የተጻፈው የመጨረሻው ግጥም ከአጠገቡ ተተኩሶበት ስለ ወደቀ ጓደኛው ነው። ራድኖቲም በኅዳር ወር አብዳ በተባለች መንደር አጠገብ ተረሸነ።

በ1946 የጅምላ መቃብሩ ሲቆፈር ደብተሩ ከካፖርቱ ኪስ ተገኘ። የደብተሩ ፎቶ ቅጂ ታትሟልና ሃንጋሪኛ ባያነቡም ፈልገው ይመልከቱት፤ የመጀመሪያው ገጽ፣ ያገኘው ሰው ለጓደኛው ለጁላ ኦርቱታይ እንዲልክለት በአምስት ቋንቋዎች የጻፈውን ልመና ይዟል።