ጾሙ አላከሳኝም ለምትሉ

በየዓመቱ ሑዳዴ ሲገባ ጂማችን ይቀዘቅዛል። «አሰልጣኝ፣ ጾሙ ራሱ ይቀንስልኛል» ብለውኝ ይሄዳሉ። ከፋሲካ በኋላ እነዚያው ሰዎች ሱሪያቸው አልቆለፍ ብሏቸው ይመለሳሉ። መናገሩ ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

ትልቁ ስህተት ይኼው ነው፦ ጾም በራሱ ያከሳል ማለት። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይቀራል፤ ዘይት ግን አይቀርም። ባለፈው ዓመት በደብረ ዘይት ሰሞን የእናቴ እኩያ የሆኑ ደንበኛዬ ሚዛኑ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ቅቤ በዓይኔ አላየሁ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ዘይት በምን ይለካሉ?»

«ዘይት ደግሞ ይለካል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በየቤታችን ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ነው የሚንቆረቆረው፤ ወጡም በሰለ የሚባለው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ በጾም ምክንያት የተውነው አንድ የተቀቀለ እንቁላል 80 እንኳ አይሞላም። አምስት ማንኪያ የገባበትን ሽሮ ሁለት ሰው ቢበላው፣ እንጀራው ሳይቆጠር ለያንዳንዱ ከዘይት ብቻ 300 ካሎሪ ደረሰው ማለት ነው። ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ «የጾም ነው» እየተባለ የሚገዛው ኬክ ገና አልተነሳም! እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱም ቢሆን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቁርሱም የምሳውም ዕዳ አንድ ላይ ከተከፈለ ለክብደት ምንም አልፈየደም። እትዬን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጀሪካኑ አጠገብ ያስቀምጡ አልኳቸው፤ ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።

ወደ ሌሎቹ ስህተቶች ልሂድ፦ ሎሚ በሞቀ ውኃ። ሎሚ ዶሮን ስለሚያጠራ የእኛንም ሆድ የሚያጠራ የሚመስላቸው አሉ። አያጠራም። ጥርስ ግን ይበላል።

ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ። በዚህኛው በማንም አልስቅም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ለጂም የምከፍለው ሳይኖረኝ በፊት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ስሮጥ ከሹራቤ ሥር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ እደርብ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኔ ጨለመብኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የማላውቃት የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ከራሷ ውኃ አጠጣችኝ። በዚያ ሁኔታዬ እንኳ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋ ተመዘንኩ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ! ደስታዬ ማታ ውኃ ጠጥቼ እስክጠግብ ነበር፤ በማግስቱ ያው ልጅ ጋ ያው ኪሎ ጠበቀኝ። የወጣው ላብ ነው፣ ስቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስቲም ውስጥ የሚውሉም ይህችን ያንብቡ።

ሲት አፕ ብቻ እየሠሩ ሆድ እንዲጠፋ መጠበቅ። ጡንቻው ይጠነክራል፤ ስቡ ግን ከየት መቀነስ እንደሚጀምር እናንተን አይጠይቅም።

እንጀራ ትቶ ፓስታ መብላት። ምን ልበል? ጤፍ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም ብሎ ሦስት እንጀራ የሚያነሳም አለ፤ ካሎሪ የለውም ግን ማንም አላለም።

ስኳር ትቼ ማር ጀመርኩ የምትሉ፣ ማር በማንኪያ ሲለካ በካሎሪ ከስኳር ይበልጣል።

የማቅጠኛ ሻይ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰና የሚባል ቅጠል ነው፤ ሰና ደግሞ ሆድ ለደረቀበት ሰው የሚታዘዝ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ስብ አይነካም። በየቀኑ ሲጠጡት ውኃና ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፤ ፖታሲየም በጣም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ወጣት ሴቶች ቦርሳ ውስጥ ሳየው እቆጣለሁ፤ ሲያኮርፉኝም ይሁን እላለሁ።

እትዬ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ማንኪያውን ጀሪካኑ እጀታ ላይ በክር አስረውታል።

«ባለቤቴ ወጡ ደረቀ ብሎ አኮረፈ» አሉኝ።

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«አሰልጣኙን ጠይቀው አልኩት። ነገ ይመጣል።»