እዳ ውስጥ ሳይገቡ ሰርግ እንዴት ይደገሳል

አዳራሽ ከማየታችሁ በፊት ገንዘቡን እዩ። ሁለታችሁ ቁጭ በሉና አሁን እጃችሁ ላይ ስንት እንዳለ፣ እስከ ሰርጉ በየወሩ ስንት እንደሚጠራቀም ጻፉ፣ ቤተሰብ "እናግዛችኋለን" ያለውን ግን እጃችሁ እስኪገባ አትደምሩት። ከዛ ላይ 10 ፐርሰንት ለድንገተኛ፣ የ3 ወር የቤት ኪራይና አስቤዛ ደግሞ ለበኋላ አንሱ፣ የተረፈው ነው በጀታችሁ። አነሰ? አነሰ በቃ።

ቀጥሎ የሰው ሊስት። ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ጥሪ ካርድና አበባ ላይ ሲቆጥብ ይከርማል ወጪውን የሚያንረው ግን የሰው ብዛት ነው፣ ምግቡ መጠጡ የአዳራሹ ስፋት ሁሉም በሰው ልክ ነው የሚሰላው። ስትቀንሱ በጠረጴዛ ቀንሱ። አንዱ 10 ሰው ከያዘ 300 ሰው 30 ጠረጴዛ ነው፣ 5ቱን ስታወጡ 50 ሰሃን፣ 50 ወንበር፣ 5 የጠረጴዛ ልብስ ከነአበባው አብሮ ይወጣል። ለወላጆችም የጠረጴዛ ኮታ ስጧቸው፣ ማንን እንደሚጠሩ እነሱ ይጨቃጨቁበት።

"ሰው መቀነስ አይሆንልንም" ካላችሁ ሰዓቱን ቀይሩ፣ ከምሳና ከእራት ሰዓት ውጪ ከሆነ ሙሉ ምግብ የሚጠብቅ የለም፣ ከቅዳሜና እሁድ ውጪ ከሆነ ደግሞ አዳራሹም ዋጋ ላይ ይደራደራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ከ3,000 በላይ ያገቡ ወይ አግብተው የፈቱ አሜሪካውያንን ጠይቀው ነበር፣ ለሰርግ ብዙ ማውጣት ከአጭር ትዳር ጋር፣ ብዙ ሰው መገኘቱ ግን ከረጅም ትዳር ጋር ተያይዞ ነው ያገኙት (አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ግን አይደለም)። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሰው ሞልቶ በርካሽ መደገስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ብድር ካማራችሁ መጀመሪያ አስሉት። በአመት 18 ፐርሰንት ወለድ ተበድራችሁ በ3 አመት በየወሩ ስትከፍሉ ከዋናው ላይ 30 ፐርሰንት ገደማ ትጨምራላችሁ፣ 100 ሰው ጋብዛችሁ የ130 ሰው ትከፍላላችሁ እንደማለት።

ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ያዙ፣ ሰርጉ ቢራዘም ይመለሳል ወይ፣ የሰው ቁጥር እስከመቼ ይቀየራል፣ ተጨማሪ ሰዓት ስንት ነው የሚለው ውሉ ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻ ለዲጄው፣ ለካሜራማኑ የቀረውን ክፍያ በየፖስታው አድርጋችሁ ላዩ ላይ ስምና ሰዓት ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡ፣ በእለቱ "ይሄ ይጨመር" የሚል ቢመጣም እሱ ይመልስ፣ እናንተ ጋ አይድረስ።