የስፔንኛን ኃላፊ ጊዜ በአማርኛ ጭራ መያዝ

በአንኮበር ወይም በመንዝ ጓሳ ጎብኚ ለመምራት ስፔንኛ የምትማሩ፣ የኃላፊ ጊዜው ሠንጠረዥ ካምታታችሁ ተውላጠ ስሙን ተዉትና ግሱን ከአማርኛው ጋር አጣምራችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ሱቢር ወደ ላይ መውጣት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ኢር ቁረጡና፦ ወጣሁ ሱቢ፣ ወጣህ ሱቢስቴ፣ ወጣ ሱቢዮ፣ ወጣን ሱቢሞስ፣ እነሱ ወጡ ሱቢዬሮን።

የሚያዘው ሁለቱም ቋንቋዎች ባለቤቱን በግሱ ጭራ ስለሚናገሩ ነው። «ትናንት ወደ አንኮበር ወጣን» ለማለት «አዬር ሱቢሞስ አ አንኮበር» ይበቃል፤ «እኛ» አያስፈልግም። እንዲያውም ስፔንኛው ይቀላል፤ ወጣም ወጣችም ሱቢዮ ነው።

በኤር የሚያልቁትም ያንኑ ጭራ ይወስዳሉ፦ ከኮሜር (መብላት) ኮሚ፣ ኮሚስቴ፣ ኮሚዮ። የሚቀረው የአር ረድፍ ነው፤ ከአብላር (መናገር) አብሌ፣ አብላስቴ፣ አብሎ፣ አብላሞስ፣ አብላሮን። እዚህ ላይ ጆሮ ይጠይቃል፦ አብሎ ሲባል ድምፁ መጀመሪያው ላይ ከበረታ «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ከበረታ «ተናገረ» ነው።

አማርኛው የሚያሳስተው በአክብሮት ላይ ነው። እኛ ለእርስዎም ለእነሱም «ወጡ» እንላለን፤ ስፔንኛ ግን ለአንድ የተከበረ ሰው የነጠላውን ሱቢዮ ይጠቀማል። አንዱን ሽማግሌ እንግዳ ሱቢዬሮን ብትሉት ከኋላው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ኢር (መሄድ)፣ አሴር (ማድረግ) እና ቴኔር (መያዝ) የመሳሰሉ ሥርዓት የለሽ ግሶች ላይ አትሞክሩት፤ «ሄድኩ» ፉዊ ነው፣ እሱን በቃል መያዝ ነው።